የዓሣ ገንዳ የሚሸከም የቤት ዕቃ ስለ መምረጥ

የቤት ዕቃ ስንገዛ አብዛኛውን ጊዜ የምንመረምረው መልኩን ነው። ቀለሙ ከመጋረጃው ጋር ይስማማል ወይ፣ ለእንግዳ ዐይን ደስ ያሰኛል ወይ፣ ዋጋውስ እንደ አቅማችን ነው ወይ ብለን እንጠይቃለን። እነዚህ ጥያቄዎች ሁሉ የተገቡ ናቸው። ነገር ግን «ይህ ዕቃ ምን ያህል ይሸከማል? ለምን ያህልስ ጊዜ ይሸከማል?» የሚለው ዋናው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ ይቀራል። በላዩ የሚቀመጠው የአበባ ማስቀመጫና የቡና ሲኒ ሲሆን ባይጠየቅም ጕዳት የለውም። የዓሣ ገንዳ ሲሆን ግን ጥያቄውን የዘለለ ሰው መልሱን ከወለሉ ላይ ያገኘዋል።

በመስተዋት ገንዳ ዓሣ ማኖር መልካም ነገር ነው። ሕፃናት ፍጥረትን በትዕግሥት መመልከትን ይማሩበታል፤ በሰዓቱ መመገብን፣ ውኃውን በወቅቱ መለወጥን፣ ለደካማ ነፍስ ማሰብን ይለምዱበታል። ይህን አስበው ለልጆቻቸው ገንዳ ሊገዙ የተነሡ አባቶችና እናቶች ሊመሰገኑ ይገባል። ነገር ግን ብዙዎቹ ስለ ዓሣው ዐይነትና ስለ ምግቡ ከጠየቁ በኋላ፣ ገንዳው ቤት ከደረሰ ወዲያ «እንግዲህ የት እናስቀምጠው?» ይላሉ። በዚያች ሰዓት ለዐይን ቅርብ የሆነው ዕቃ፣ ኮሞዲኖም ይሁን የቴሌቪዥን ማስቀመጫ፣ ሳይመረመር ተሸካሚ ሆኖ ይሾማል። የዛሬው ጽሑፋችን ይህ ሹመት ያለ ምርመራ እንዳይሰጥ ለማሳሰብ ነው።

ስሕተቱ ከየት እንደሚመጣ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመልከት ይጠቅማል። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1853 በለንደን ከተማ በእንስሳት መጠበቂያው ውስጥ ሕዝብ እየገባ የሚመለከተው የዓሣ ቤት ተከፈተ። በሚከተለው ዓመት በ1854 ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ የተባለው እንግሊዛዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ ስለዚሁ ነገር መጽሐፍ አሳትሞ «አኳሪየም» የሚለው ስም በብዙ ሰው ዘንድ እንዲታወቅ አደረገ። በዚያ ዘመን የነበሩት ገንዳዎች ብዙውን ጊዜ የብረት ክፈፍ የለበሱ፣ ታቻቸውም ጠፍጣፋ ድንጋይ የተነጠፈባቸው ነበሩ። ያን የመሰለውን ዕቃ በቀጭን ጠረጴዛ ላይ ላስቀምጥ ብሎ የሚያስብ ሰው አልነበረም፤ ክብደቱ ከመልኩ ይነበብ ነበርና። በፈረንጆች 1960ዎቹ ዓመታት ሲሊኮን የተባለው ማጣበቂያ ከመጣ ወዲህ ግን መስተዋት ከመስተዋት ጋር ያለ ብረት ክፈፍ መያያዝ ቻለ። ገንዳው ጥርት ያለ፣ ቀለል ያለ፣ ያማረ ነገር ሆነ። የቀለለው ግን መልኩ ነው፤ ውኃው እንደ ቀድሞው ከባድ ነው።

አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ይህን በትምህርት ቤት ያልተማረ የለም፤ በሳሎኑ ቆሞ የሚያስበው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ የገንዳውን ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሳንቲ ሜትር ለክታችሁ ሦስቱን ቍጥሮች አባዙ፤ የተገኘውንም ለ1000 አካፍሉ። የሚወጣው ገንዳው የሚይዘው ሊትር ነው። ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 30፣ ቁመቱ 36 ሳንቲ ሜትር የሆነው ብዙ ቤተ ሰቦች የሚጀምሩበት ትንሽ ገንዳ 65 ሊትር ያህል ይይዛል። ውኃው እስከ አፉ ስለማይሞላና ጠጠሩም ቦታ ስለሚይዝ ውኃው 52 ኪሎ ያህል ይሆናል። ከታች 5 ሳንቲ ሜትር ከፍታ የተነጠፈው ጠጠር 14 ኪሎ ያህል፣ ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር የሆነው መስተዋት ደግሞ 12 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ክዳኑ፣ ማጣሪያውና መብራቱ ሲጨመር ድምሩ ወደ 80 ኪሎ ይጠጋል። አንድ ሰው በብብቱ ይዞት ከሱቅ የወጣው ሣጥን ሲሞላ ከኩንታል 20 ኪሎ ብቻ ያነሰ ሸክም ሆነ ማለት ነው።

ገንዳው ርዝመቱ 100፣ ወርዱ 40፣ ቁመቱ 50 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 200 ሊትር ይይዛል፤ ጠቅላላ ክብደቱም በዚሁ መንገድ ሲታሰብ 250 ኪሎ ያህል ይደርሳል። ይህ ሁለት ኩንታል ተኩል እህል ነው። ለማስታወስ እንዲቀል፣ የሊትሩን ቍጥር ያዙና ሩቡን ጨምሩበት፤ ጠቅላላውን ኪሎ በግምት ታገኛላችሁ። ለጌጥ ትልልቅ ድንጋይ የምታስገቡ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል።

ክብደቱ ብቻ ቢሆን ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር። አስቸጋሪው ክብደቱ የማይነሣ መሆኑ ነው። እንግዳ በወንበር ላይ ተቀምጦ ተጫውቶ ይነሣል፤ ወንበሩም ያርፋል። በጎተራ ያለ እህል ዕለት ዕለት እየተቀነሰ ያልቃል። የዓሣ ገንዳ ግን ቀንም ሌሊትም፣ ክረምትም በጋም፣ ለዓመታት በዚያው ቦታ ይጫናል። እንጨት ደግሞ ረጅም ጊዜ ሲጫኑት ቀስ በቀስ የሚለምጥ ፍጥረት ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ያልጎበጠ ጣውላ በዓመቱ ጎብጦ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ «እኔ ራሴ ወጥቼበት ቆሜአለሁ፤ ንቅንቅ አላለም» የሚል ሰው ለአምስት ደቂቃ የሚበቃ ማስረጃ አቀረበ እንጂ ለአምስት ዓመት የሚበቃ አላቀረበም።

ውኃ ለብዙ ጊዜ ዝም ብሎ መቆየቱ ለወደፊቱ ዋስትና እንዳልሆነ በትልቁም የታየ ነገር ነው። በጀርመን አገር በበርሊን ከተማ በአንድ ሆቴል አዳራሽ መካከል አኳዶም የሚባል፣ 1 ሚሊዮን ሊትር ያህል ውኃ የያዘ ግዙፍ የዓሣ ገንዳ ነበር። ይህ ገንዳ ከ18 ዓመታት በላይ ቆሞ ሲያገለግል ከኖረ በኋላ ታኅሣሥ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ማለዳ በድንገት ፈነዳ፤ 1500 ያህል ከነበሩት ዓሦች አብዛኞቹ አለቁ። ይህን የምናነሣው የዚያ አደጋ ምክንያት ማስቀመጫው ነበር ለማለት አይደለም። ትናንት የቻለ ነገር ዛሬም ይችላል ብሎ መተማመን ምርመራን እንደማይተካ ለማስገንዘብ ነው።

እንግዲህ ዕቃውን በምን እንመርምረው? ሙያ የማይጠይቅ፣ ማንም በቤቱ ሊያደርገው የሚችል መንገድ አለ። ገንዳው የሚያርፍባቸውን አራት ማእዘኖች በኖራ ምልክት አድርጉ። ከዚያም ጣታችሁን ከአንዱ ምልክት ላይ አስነሥታችሁ ቀጥታ ወደ ታች፣ እስከ ወለሉ ድረስ ውሰዱ። ጣታችሁ እስከ ወለሉ ድረስ የቆመ እንጨት ወይም የቆመ ብረት ካገኘ ያ ማእዘን መልካም ነው። በመንገዱ ባዶ ቦታ ካገኘ፣ ወይም ክብደቱን የያዘው አንድ ምስማር፣ አንድ ብሎን፣ ወይም የኮላ ማጣበቂያ ብቻ ከሆነ፣ ያ ዕቃ ለዚህ ተግባር አልተሠራም። እንጨት በቁመቱ ሲጫኑት እጅግ ብዙ ይችላል፤ ምስማር ግን በጎኑ ተንጠልጥሎ የያዘው ሸክም ዕለት ዕለት ይጎትተዋል። የመምረጡ ምስጢር ሁሉ በዚህ አንድ ነገር ይጠቃለላል፤ ይኸውም ክብደቱ ወደ ምድር የሚወርድበትን መንገድ ማወቅ ነው።

በዚህ መመዘኛ በየቤቱ የሚገኙትን ዕቃዎች አንድ በአንድ እንያቸው። ኮሞዲኖ ጠባብና ቀላል ስለ ሆነ፣ መሳቢያውም ሆዱን ባዶ ስለሚያደርገው አይሆንም። የዛሬው የቴሌቪዥን ማስቀመጫ ርዝመቱ ብዙ፣ እግሩ አጭር፣ መካከሉም ያለ ድጋፍ የተዘረጋ ነው። የተሠራው ለስስ ቴሌቪዥን ስለ ሆነ ከ20 ወይም ከ30 ኪሎ በላይ እንዲሸከም ያልታሰበ ብዙ አለ። የመጻሕፍት መደርደሪያ መደቦቹ በትናንሽ ችካሎች ላይ ያረፉ ስለ ሆኑ ከመካከሉ ገንዳ ማስገባት አይገባም። ቁም ሣጥን ረጅምና ወርደ ጠባብ ስለ ሆነ በአናቱ ላይ ውኃ ማስቀመጥ አደጋን መጥራት ነው። የዱሮው ቡፌ፣ በተለይም ከዋንዛ ወይም ከዝግባ ጣውላ የተሠራውና በየክፍሉ መካከል እስከ ወለሉ የሚደርስ የቆመ ግድግዳ ያለው፣ ለትንሹ ገንዳ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ሆኖም ገንዳው በበሮቹ መካከል ባለው ባዶ ላይ ሳይሆን በቆሙት ግድግዳዎች ላይ እንዲያርፍ ያስፈልጋል።

ስለ ጣውላው ርዝመትና ውፍረትም አንድ ቍም ነገር አለ። በሁለት ጫፉ ብቻ ተደግፎ የተዘረጋ ጣውላ፣ ያንኑ ክብደት ተሸክሞ ርዝመቱ እጥፍ ቢሆን ጎባጣነቱ እጥፍ ሳይሆን ስምንት እጥፍ ይሆናል። ውፍረቱ እጥፍ ቢሆን ደግሞ ጎባጣነቱ ወደ ስምንተኛ እጅ ይወርዳል። ስለዚህ በረጅሙ ጣውላ መካከል አንድ የቆመ ድጋፍ መጨመር ወይም ጣውላውን ማወፈር ትንሽ ወጪ ሲሆን ጥቅሙ ብዙ ነው።

የተሠራበትንም ነገር መመርመር ይገባል። በዛሬው ጊዜ በገበያ የሚሸጠው ብዙው ዕቃ ከቺፑድ ወይም ከኤም ዲ ኤፍ የተሠራ ነው፤ ይኸውም የእንጨት ፍቅፋቂ ወይም ብናኝ በኮላ ተጣብቆ፣ ላዩ ያማረ ልባስ የለበሰ ነው። ደረቅ እስከሆነ ድረስ በወፍራም ሲሠራ ያገለግላል። ነገር ግን ውኃ በጠርዙ ወይም በብሎኑ ቀዳዳ ሲገባበት ያብጣል፤ ካበጠም በኋላ ቢደርቅ እንኳ ወደ ቀድሞው ጽናቱ አይመለስም። በዓሣ ገንዳ ዙሪያ ደግሞ ውኃ መንጠባጠቡ አይቀርም፤ ውኃ በተለወጠ ቍጥር ይፈሳል፣ ሕፃናትም እጃቸውን ነክረው ያወጣሉ። ስለዚህ ቺፑድ ያለው ሰው ወይ ለዚህ ተግባር አይጠቀምበት፣ ወይ ጠርዙንና ቀዳዳውን ሁሉ በቫርኒሽ ደፍኖ ለትንሽ ገንዳ ብቻ ያውለው። ሙሉ ጣውላና ወፍራም ኮምፔርሳቶ ከዚህ ይሻላሉ፤ በደንብ የተበየደ ብረትም ዝገት የሚከላከል ቀለም ከተቀባ ከሁሉ ይጸናል።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ወደ ጎን መወዛወዝ ነው። አራት እግር ያለው ጠረጴዛ ቀጥታ ወደ ታች ሲጫኑት ጽኑ ሆኖ ሳለ ወደ ጎን ሲገፉት ሊያዘም ይችላል። ዕቃውን በትከሻችሁ ቀስ ብላችሁ ግፉት፤ ከወዘወዘ፣ ጀርባው ላይ ከላይ እስከ ታች ሙሉ ኮምፔርሳቶ ይመታበት፣ ወይም ከማእዘን ወደ ማእዘን ሰያፍ እንጨት ይግባበት። ቡፌ ሲገዙ ከጀርባ ያለውን ስስ ጣውላ «አይታይም» ብለው የሚያስነሡ ሰዎች የዕቃውን አከርካሪ እንደ ነቀሉ ይወቁ።

ለአናጢ የምታሠሩ ከሆነ «ጠንካራ ጠረጴዛ ሥራልኝ» ብላችሁ አትተዉት፤ ጠንካራ የሚለው ቃል በእናንተና በእርሱ ዘንድ አንድ ላይሆን ይችላል። ቍጥሩን ንገሩት፤ «በላዩ ሁለት ኩንታል ተኩል ለዓመታት ይቀመጥበታል» በሉት። አግዳሚው ሞራሌ በእግሩ ራስ ላይ ይቀመጥ እንጂ በእግሩ ጎን በምስማር እንዳይንጠለጠል አስጠንቅቁት። የላዩ ገጽ ከገንዳው ታች እንዳያንስ፣ ቁመቱም ከ70 እስከ 75 ሳንቲ ሜትር ቢሆን እንደሚበቃ፣ ከግድግዳው ጋር የማጣሪያው ገመድና ቱቦ የሚያልፍበት ጥቂት ክፍተት እንደሚያስፈልግ ግለጹለት። ብረት የሚበይድ ባለሙያም ቢሆን ይኸው ነው፤ ቱቦላሬው ቀጥ ብሎ ከገንዳው ማእዘን በታች ይቁም።

ወለሉም የዕቃው ወንድም ነውና አይረሳ። በምድር ላይ ያረፈ የሲሚንቶ ወለል ብዙ አያሳስብም። በዱሮ ቤቶች የሚገኘው የጣውላ ወለል ግን ከበታቹ ተጋድመው በሚሸከሙት እንጨቶች ላይ የተነጠፈ ነው። ስለዚህ ገንዳው በግድግዳ አጠገብ፣ ርዝመቱም እነዚያን አግዳሚዎች አቋርጦ እንዲቀመጥ ቢደረግ ሸክሙ ለብዙዎቹ ይካፈላል። የዐፈር ወለል ከሆነ ከእያንዳንዱ እግር በታች ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ሰፊ ጣውላ ማድረግ እግሩ እንዳይሰምጥ ይረዳል። በኮንዶሚኒየም ፎቅ ለሚኖር ሰው ትንሹ ገንዳ እንደ አንድ ሙሉ ሰው ክብደት ስለ ሆነ አያስጨንቅም። ከ400 ሊትር የሚበልጥ ግን የሕንፃ ባለሙያ ሳይጠየቅ መቀመጥ የለበትም። ከወለላችን በታች የጎረቤታችን ጣሪያ እንዳለ ማሰብም የጨዋ ሰው ሥራ ነው።

ዕቃው በቦታው ከቆመ በኋላ ውኃ ልክ አምጥታችሁ በርዝመቱም በወርዱም ለኩ። አንዱ ወገን ዝቅ ብሎ ከተገኘ፣ ስስ እንጨት ወይም ላሜራ ከዕቃው እግር በታች ይግባ እንጂ ከገንዳው መስተዋት በታች አይግባ። ምክንያቱም መስተዋት በአንድ ነጥብ ላይ ተደግፎ ሌላው ወገን ሲንጠለጠል ይጣመማል፤ መጣመሙም ወይ መስተዋቱን ይሰነጥቃል፣ ወይ ሲሊኮኑን ቀስ በቀስ ያላቅቃል። የገንዳው ታች ክፈፍ የሌለው ለጥ ያለ መስተዋት ከሆነ ከበታቹ ስስ ፎም ይነጠፍለታል፤ ፎሙ የጣውላውን ትናንሽ ጕድፍ ይውጣልና። ታቹ የፕላስቲክ ክፈፍ ያለው ገንዳ ግን ክብደቱ በክፈፉ ላይ እንዲያርፍ የተሠራ ስለ ሆነ ፎም አያስፈልገውም።

ገንዳው ከመሞላቱ በፊት ዕቃውን ፈትኑት። ለዚህም በየቤቱ የሚገኘው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃል፤ አንዱ ሲሞላ ከ20 ኪሎ ጥቂት ይበልጣል። ለትንሹ ገንዳ አራት ሙሉ ጀሪካን ማለት ነው። ቦታው ካልበቃ ከፊሉን በአሸዋ ከረጢት ተኩ፤ ሸክሙም ገንዳው በሚያርፍበት ቦታ ብቻ ይሁን። አስቀድማችሁ ከዳር እስከ ዳር ክር ወጥራችሁ በክሩና በጣውላው መካከል ያለውን ክፍተት በማስመሪያ ለኩ። ሸክሙን ለአንድ ሳምንት ተዉትና በየቀኑ መልሳችሁ ለኩ። ክፍተቱ በየቀኑ እየጨመረ ከሄደ፣ በር ወይም መሳቢያ ከተጨናነቀ፣ ወይም መጋጠሚያው ከተላቀቀ፣ ዕቃው መልሱን ሰጥቷል። በዚያ ሳምንት ሕፃናት ወደ ዕቃው እንዳይቀርቡ ይጠበቁ። ገንዳውም ሲሞላ መጀመሪያ እስከ ግማሹ ይሁን፤ ጥቂት ቆይታችሁ የውኃው ገጽ በአራቱም ማእዘን ከገንዳው አፍ እኩል መራቁን ከለካችሁ በኋላ ቀሪውን ሙሉ። ከሞላ በኋላ ገንዳን መግፋት ወይም ማንሣት ፈጽሞ አይገባም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው የሕፃናት ነገር ነው። ሕፃን ዓሣውን በቅርብ ለማየት የቡፌውን መሳቢያ ስቦ እንደ ደረጃ ሊወጣበት ይችላል፤ ያን ጊዜ 80 ኪሎ ውኃና መስተዋት ወደ እርሱ ሊዘምም ይችላል። ስለዚህ ዕቃው ዝቅ ያለና ሰፊ ይሁን፤ ከጀርባውም በብረት ማእዘን ከግድግዳው ጋር ይታሰር። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽና በፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ መሰማቱን የምናስታውስ ሰዎች ይህን ምክር እንደ ትርፍ ጥንቃቄ አንቈጥረውም። የኤሌክትሪክ ሶኬቱም ከገንዳው በታች አይሁን። ገመዱ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ቀለበት ሠርቶ እንደገና ይውጣ፤ በገመዱ ላይ የሚወርድ ጠብታ ወደ ሶኬቱ ሳይገባ በዚያ ዝቅታ ይንጠባጠባልና።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። የፈሰሰው እህል ከሆነ ተለቅሞ ወደ ስልቻው ይመለሳል፤ የፈሰሰ ውኃ ግን አይታፈስም፤ ዓሣውም ሰው እስኪደርስ አይቈይም። የገንዳ ዋጋ የሚሠራለት ሰው የተሸካሚውንም ዋጋ በዚያው ሂሳብ ውስጥ ያግባ፤ ሁለቱን የማይችል ከሆነም ገንዳውን ያሳንስ እንጂ ተሸካሚውን አያሳንስ። እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ በመጀመሪያ ክብደቱን አስሉ፤ ቀጥሎ ዕቃውን አሠርታችሁ ፈትኑ፤ ከዚያ ገንዳውን ግዙ፤ ዓሣው በመጨረሻ ይምጣ።